ሰማዩ ታርሷል፤ ንጉሡስ?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል የድሮ ሰው። ሁለቱም የማይሞከሩ ናቸው ማለቱ ነው። የሳይፋይ (የሳይንስ ልብ ወለድ) ጸሐፊዎች የተረቱን የመጀመሪያ ግማሽ ካፈረሱት ቆይተዋል። ሰማዩን አርሰውታል። አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር የጠፈር ድንጋይ፣ ይቆፍራሉ፤ ማርስ ላይ ከተማ ይሠራሉ፤ ከኮከብ ኮከብ ይነግዳሉ። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ይዝላል። ከብርሃን የሚፈጥን መርከብ ፈጥረው ሲያበቁ ንጉሠ ነገሥት ያሳፍሩበታል። መስፍን አለ፣ ልዕልት አለች፣ አልጋ ወራሽ አለ። የሚከሰስ ግን የለም።

ነገሩ ለረጅም ጊዜ ያናድደኝ ነበር። አሥር ሺህ ዓመት ወደፊት የተጓዘ ሕዝብ ምርጫ ማካሄድ እንዴት ያቅተዋል? አሁን ግን ሐሳቤን በከፊል ቀይሬያለሁ። ጎበዝ ጸሐፊ ንጉሡን የሚያስቀምጠው ዓይናችንን እንዲይዝለት ነው። ሥልጣኑን ሌላ ቦታ ደብቆታል። ዙፋኑን ትተን የተደበቀውን ስንፈልግ ነው መጽሐፉ የሚጣፍጠው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀላሉን ምክንያት እናስቀድም። ንጉሥ ለታሪክ ይመቻል። አንድ ዙፋን፣ አንድ አንገት፣ አንድ ሰይፍ፣ አለቀ። የበጀት ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ማን ማንን ያሳድዳል? በዚያ ላይ ልማድ አለ። አይዛክ አሲሞቭ ከ1942 ጀምሮ ያወጣቸው የ«ፋውንዴሽን» ታሪኮች መነሻቸው ኤድዋርድ ጊበን ስለ ሮም አወዳደቅ የጻፈው ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ ነበር። አሲሞቭ ሮምን ወስዶ ጋላክሲ አከለላት። ከእሱ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ ቄሣሩን እንዳለ ወረሱ። ጊበንን ማንበቡን ግን የተዉት ይመስለኛል።

ከበድ ያለው ምክንያት ርቀት ነው። ከምድር ወደ ማርስ የተላከ የሬዲዮ መልእክት እንደ ፕላኔቶቹ አቀማመጥ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። ይህ ገና ጎረቤት ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ ያለው ቅርብ ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ 4.2 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ዛሬ «አገረ ገዢውን ሻሩት» ብላችሁ ብትልኩ ወሬው የሚደርሰው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። መልሱ ሌላ አራት ዓመት ነው። እስከዚያ ሻሪው ራሱ ተሽሮ ይሆናል።

ይህን ምድር ላይም አይተነዋል። በ1600 የተቋቋመው የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነጋዴ ነበር። ቅመምና ጨርቅ ሊያመጣ ሄዶ ቀስ በቀስ የራሱን ጦር አቆመ፣ ግብር ሰበሰበ፣ ገንዘብ አሳተመ፣ ጦርነት ገጠመ። የለንደን ደብዳቤ በመርከብ አፍሪካን ዞሮ ሕንድ ለመድረስ ወራት ይወስድበት ነበር። እዚያ ያለው ሹም ትእዛዝ ልጠብቅ ቢል ሥራው ሁሉ ይቆምበታል። ስለዚህ ራሱ ይወስናል። መስፍን ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ከመሃል የራቀ፣ ሳይጠይቅ የሚወስን፣ ቆይቶም ቦታውን ለልጁ ማውረስ የሚያምረው ሹም። መልእክት በቅጽበት በሚደርስበት ዓለም ውስጥ መስፍን ሲደረደር ግን ምክንያቱ ይፈርሳል። እዚያ ላይ ጸሐፊው ካባውን ስለወደደው ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» በ1965 ታተመ። ፊልሞቹን ያያችሁ የምታስታውሱት በረሃውን፣ ትሉንና ዓይኑ ሰማያዊ የሆነውን ሕዝብ ይሆናል። እኔ የማስታውሰው የአቅርቦት ሰንሰለቱን ነው። (አዎ፣ ፊልም አብሮኝ ማየት የሚወድ ሰው ብዙ የለም።) ዓለሙ ሦስት እግር ላይ የቆመ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አስፈሪ ጦር አለው። ታላላቆቹ ቤተሰቦች ቢተባበሩ ያንን ጦር ሊቋቋሙ ይችላሉ። ሦስተኛው የመርከበኞች ማኅበር ነው። ከኮከብ ኮከብ የሚያጓጉዝ እሱ ብቻ ነው። አሳቢ ማሽኖች ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የተከለከሉ ናቸው። መርከበኞቹ መንገዱን የሚያዩት አንድ ቅመም እየወሰዱ ነው። ቅመሙ የሚገኘው አንድ ፕላኔት ላይ ብቻ ነው።

መጨረሻው ላይ ወጣቱ ጀግና ንጉሠ ነገሥቱን የሚያንበረክከው በጩቤ አይመስላችሁ። የጩቤ ፍልሚያ አለ፤ ያው ለተመልካች ነው። ጉዳዩ ያለቀው ቀደም ብሎ፣ ቅመሙን ለዘላለም አጠፋዋለሁ ብሎ ሲዝት ነው። መርከበኞቹ ይደነግጣሉ፤ ንጉሡንም «እሺ በል» ይሉታል። አንድን ነገር ማጥፋት የሚችል ሰው የዚያ ነገር ጌታ ነው። እኔ ይህን የቧንቧ ፖለቲካ እለዋለሁ። ዙፋኑ ላይ ማን ተቀመጠ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ይበልጥ የሚያዋጣው ግን ቧንቧውን መዝጋት የሚችለው ማነው ብሎ መጠየቅ ነው።

ኸርበርት ከአየር አልዘገነውም። የነዳጅ ላኪ አገሮች ድርጅት ኦፔክ የተመሠረተው በ1960፣ መጽሐፉ ከመታተሙ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። መጽሐፉ ከወጣ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1973፣ የዐረብ ነዳጅ አምራቾች ቧንቧውን ዘጉ። በጥቂት ወራት ውስጥ የአንድ በርሜል ዋጋ ከ3 ዶላር አካባቢ ተነሥቶ 12 ዶላር ገደማ ደረሰ። ትልልቆቹ ኃይሎች የኑክሌር መሣሪያቸውን እንደታጠቁ የቤንዚን ሰልፍ ያዙ።

ቧንቧው አየር የሚያመጣ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከ2011 ጀምሮ የወጣው የ«ዘ ኤክስፓንስ» ተከታታይ ልብ ወለድ የአስትሮይድ ቀበቶ ሠራተኞችን ይዞ ይነሣል። ማዕድኑን እነሱ ያወጣሉ፤ አየሩና ውሃው ግን በሌላ እጅ ነው። እስኪ በጠፈር ጣቢያ ላይ የሥራ ማቆም አድማን አስቡት። ምድር ላይ አድማ የመታ ሠራተኛ ቢያንስ ቤቱ ገብቶ ይተነፍሳል። እዚያ ቤቱም፣ ውሃውም፣ ትንፋሹም የአሠሪው ነው። አሠሪውም ቢሆን የልብ ልብ የሚሰማው እንዳይመስላችሁ። አንድ የተቆጣ ሰው ግድግዳውን በመሰርሰሪያ ቢበሳው ሁሉም አብሮ ያልቃል። ገዢና ተገዢ እርስ በርስ ታጋቾች ናቸው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ «ሁሉንም ሰው ሌት ተቀን በካሜራ ልከታተል» የሚል ሹም ውሸታም አይደለም። እውነተኛ ምክንያት አለው፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ፈላጭ ቆራጭነት ከክፋት ብቻ አይወለድም። ከጥንቃቄም ይወለዳል።

የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲው የአስትሮባዮሎጂ (በጠፈር ሕይወት የመኖር ዕድልን የሚያጠና ሳይንስ) ሊቅ ቻርልስ ኮኬል ይህን በቁም ነገር ይዘውት ከምድር ውጭ ስላለ ነፃነት የሚመክሩ ጉባኤዎችን አዘጋጅተዋል፤ መጻሕፍትም አሰናድተዋል። የኢኮኖሚ ሊቁ አልበርት ኸርሽማን በ1970 የጻፈውም እዚህ ላይ ይጠቅማል። የከፋው ሰው ያለው አማራጭ ወይ መሄድ ወይ መጮኽ ነው ይላል። መሄድ ከተቻለ ገዢው ሰው እንዳያጣ ይሰጋል፤ ስለዚህ ጩኸቱንም በጥቂቱ ይሰማል። ማርስ ላይ በሩን ከፍቶ የሚሄድ ግን የለም። ከበሩ ውጭ ሞት ነው።

ፋንታሲ የራሱ ችግር አለበት። እስኪ ጠንቋይ ያለበትን ዓለም አስቡ። ጥቂት ሰዎች ከእጃቸው እሳት ያወጣሉ። ሌላው እርሻ ያርሳል። ታዲያ ባለ እሳቶቹ እንዴት ለአንድ ተራ ንጉሥ ይሰግዳሉ? አብዛኛው መጽሐፍ ይህን ጥያቄ በዝምታ ያልፈዋል። ኤን. ኬ. ጀሚሲን አላለፈችውም። በ2015 በታተመው «አምስተኛው ወቅት» እና በሁለቱ ተከታዮቹ ውስጥ የምድር መንቀጥቀጥን ማስቆምም ማስነሣትም የሚችሉ ሰዎች አሉ። ከተማ መደምሰስ ይችላሉ። ግን ባሮች ናቸው። እንዴት? ከልጅነታቸው ተይዘው ይወሰዳሉ። ኃይላቸውን ማክሸፍ የሚችል ጠባቂ ይመደብላቸዋል። ሰው እንዳልሆኑ በጥንታዊ ጽሑፍ ይነገራቸዋል። ጠባቂው የልጅቷን እጅ ይሰብርና እንደሚወዳት ይነግራታል። ያቺን ገጽ አንብቤ መጽሐፉን ለሁለት ቀን አላነሣሁትም። ሦስቱም መጻሕፍት በ2016፣ በ2017 እና በ2018 በተከታታይ ሁጎ የተባለውን ትልቁን የሳይፋይና የፋንታሲ ሽልማት ወስደዋል። በተከታታይ ሦስት ዓመት የምርጥ ልብ ወለድ ሽልማቱን ያገኘ ከእሷ በፊት አልነበረም።

የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1741 ያነሣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ጥቂቶች ብዙዎችን እንዲህ በቀላሉ መግዛታቸው ይገርማል አለ። ጉልበቱ ሁልጊዜ በተገዢው በኩል ነውና። ስለዚህ ገዢ የሚቆመው በሰው እምነት ላይ ነው። ጨካኙ ሱልጣን ሕዝቡን እንደ ከብት ሊነዳ ይችላል፤ ዘበኞቹን ግን ማሳመን አለበት። ዘበኛው ካላመነ ነገር ያበቃል። በ1917 ፔትሮግራድ ላይ የነበሩ ወታደሮች ሰልፈኛውን አንተኩስም ብለው ዞሩ። የዛር ኒኮላስ ዙፋን በቀናት ውስጥ ወደቀ።

እንግዲህ ሁለት ነገር አገኘን፤ ቧንቧውንና የዘበኛውን ልብ። ሳይፋይ ሁለተኛውን የሚነካው ደስ በማይል መንገድ ነው። ዘበኛው ማሽን ቢሆንስ? «ሮቦት» የሚለው ቃል ራሱ ወደ ዓለም የገባው በ1920 ከታተመው የቼኩ ጸሐፊ የካሬል ቻፔክ ቴአትር ነው። የመጣበት የቼክ ቃል የግዴታ ሥራን፣ ገባሩ ለጌታው የሚሠራውን ጉልበት ያመለክታል። ከመነሻው የቴክኖሎጂ ቃል አልነበረም፤ የገባርና የጌታ ቃል ነው። በቻፔክ ቴአትር ሮቦቶቹ ያምፃሉ። እኔ የሚያስጨንቀኝ ግን የማያምፀው ነው። «ስታር ዋርስ» ውስጥ ያሉት ክሎን (ከአንድ ሰው የተባዙ) ወታደሮች ለዓመታት አብረዋቸው የተዋጉ አዛዦቻቸውን በአንድ ትእዛዝ ይረሽናሉ። ፔትሮግራድ ላይ የሆነው እዚያ አይሆንም። ከ2017 ጀምሮ የመንግሥታት ባለሙያዎች ጄኔቫ ላይ እየተሰበሰቡ ያለ ሰው ውሳኔ ስለሚገድሉ መሣሪያዎች የሚነጋገሩት ስለ ጦር ሕግ ነው። የሂዩም ሱልጣን ጥያቄ ግን ከጠረጴዛው ሥር አለ። ዘበኛውን ማሳመን የማያስፈልገው ገዢ ምን ይሆናል?

ስለ «ስታር ዋርስ» አንድ ነገር ልጨምር። በ2002 የወጣው ክፍል ሲታይ ብዙ ሰው ሰልችቶታል። ምክር ቤት፣ የንግድ ውዝግብ፣ ድምፅ አሰጣጥ። እኔ በተቃራኒው ከተከታታዩ ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። አምባገነኑ ሥልጣኑን አልሰረቀም። ለጊዜው ብለው በድምፅ ሰጡት። የጥንት ሮማውያን በችግር ጊዜ የሚሾሙት ዲክታተር የሥራ ዘመኑ ስድስት ወር ነበር። ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 የዕድሜ ልክ አደረገው። በመጋቢት 1933 የጀርመን ምክር ቤት መንግሥት ያለ ምክር ቤቱ ሕግ እንዲያወጣ የሚፈቅደውን አዋጅ በ444 ድጋፍና በ94 ተቃውሞ አጸደቀ። የአራት ዓመት ገደብ ነበረው። ገደቡ ሲደርስ ያው አራዘሙት።

መልካም መንግሥት ያለበት ልብ ወለድስ? አለ፤ አብዛኛው ግን እንቅልፍ ያመጣል። ልዩ የሚሆንብኝ የኡርሱላ ለጉዊን የ1974 መጽሐፍ «ዘ ዲስፖዘስድ» ነው። አናሬስ በምትባል ደረቅ ጨረቃ ላይ መንግሥት፣ ፖሊስና የግል ንብረት የሌለው ሕዝብ ይኖራል። ለጉዊን ይህን ሕዝብ ትወደዋለች፤ ያስታውቃል። ግን አትዋሽለትም። ሕግ በሌለበት ቦታ ይሉኝታ ይገዛል። የወጣቱ የፊዚክስ ሊቅ ሥራ የሚታተመው አንድ ሽማግሌ ምሁር ሲፈቅድለት ነው። ሽማግሌው ሥልጣን የለውም፤ ማዕረግም የለውም። ግን የማተሚያውን መንገድ ይዟል። ስሙንም ከልጁ ሥራ ላይ ይለጥፋል። ያቺው ቧንቧ! አሜሪካዊቷ ጆ ፍሪማን በ1970 ባቀረበችው ንግግር ይህንኑ ብላለች። መሪ የለንም የሚል ቡድን መሪ አለው፤ ስሙ ስላልተጠራ ብቻ ማውረድ አይቻልም። መሪ የሌለው የሰፈር ማኅበር ወይም የዋትስአፕ ቡድን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማንን እንደምትል ገብቶታል።

የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን በ2014 ቃለ መጠይቅ ላይ የ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን ደራሲ የቶልኪንን ጀግና አንሥቶ፣ ጥሩ ንጉሥ ሆነ ተባለ እንጂ የግብር ፖሊሲው ምን ነበር ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ያስቃል፤ ይገባልም። ለቶልኪን ግን ትንሽ ልሟገትለት። የእሱ መጽሐፍ ስለ ዙፋን አይደለም። ስለ ቀለበት ነው። ፕላቶ ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት ሰውን የማያሳይ ቀለበት ያገኘ እረኛ ታሪክ ጽፏል። እረኛው ንጉሡን ገድሎ መንግሥቱን ወሰደ። ማንም እንዳያይህ ብትሆን ጻድቅ ትሆናለህ ወይ ነው ጥያቄው። ቶልኪን ለዚያ ጥያቄ ሦስት ጥራዝ መልስ ጻፈ። ምርጦቹ ገጸ ባሕርያት ቀለበቱን ሲሰጧቸው እምቢ ይላሉ። ግብሩን በተመለከተ ማርቲን ልክ ነው።

ይህ ሁሉ የመጽሐፍ አፍቃሪዎች ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ምንም አልነበረ። አልቀረም። በኅዳር 2014 የታይላንድ ተማሪዎች በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን በያዙት መሪ ፊት ሦስት ጣታቸውን ከ«ሃንገር ጌምስ» ፊልም እንዳዩት ቀና በማድረጋቸው ተያዙ። ከ2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የማይንማር ሰልፈኞችም ያንኑ ምልክት አነሡ። ልብ ወለድ ከሕዝብ በኩል እንዲህ ይነበባል።

ከላይ በኩል ደግሞ ሌላ ንባብ አለ። ባለሀብቶቹም ያነብባሉ፤ ግን የሚወስዱት መጫወቻውን ነው። ማስጠንቀቂያውን ገጹ ላይ ይተዉታል። ደራሲው ኒል ስቲቨንሰን በ1992 «ሜታቨርስ» (ሰው በኮምፒውተር የሚገባበት ምናባዊ ዓለም) የሚለውን ቃል ሲፈጥር መንግሥት ተሟጥጦ ኩባንያዎች ሰፈር ሰፈሩን የተከፋፈሉበትን ዓለም እየቀለደበት ነበር። በ2021 ፌስቡክ ከዚያው ቃል ላይ ቆርጦ ሜታ ተባለ። በ2003 የተመሠረተው፣ ለስለላና ለጦር ተቋማት መረጃ የሚተነትነው ፓላንቲር ስሙን ያገኘው ከቶልኪን የሩቅ ማያ ድንጋዮች ነው። ታሪኩን ያነበበ ሰው ድንጋዩ ምን እንዳደረገ ያውቃል። ውሸት አላሳየም። ጠላት የመረጠውን እውነት እያሳየ አንድ ታላቅ ሹም ተስፋ አስቆረጠው። ስሙን ያወጣው ሰው እዚያ ምዕራፍ ላይ አልደረሰም ይሆን?

የዘመናችንን ቅመም የሚፈልግ ደግሞ ሩቅ አይሂድ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሮጠው በረቀቁ ቺፖች ላይ ነው። ከረቀቁት ውስጥ አብዛኞቹ የሚመረቱት ታይዋን ውስጥ ነው። እነሱን የሚያትመውን የመጨረሻውን ረቂቅ ማሽን ደግሞ በዓለም ላይ የሚሠራው አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ብቻ ነው። አንድ ፕላኔት፣ አንድ ቅመም። መርከበኞቹም ንጉሡም ደጁ ላይ ቆመዋል። ኸርበርት ቢጽፈው «እንዲህ አይጋነንም» እንለው ነበር።

ወደ ሰማዩ ልመለስ። የ1967ቱ የጠፈር ውል ማንም መንግሥት ጨረቃንም ሆነ ሌላ የሰማይ አካልን የእኔ ነው ማለት አይችልም ይላል። አሜሪካ በ2015፣ ሉክሰምበርግ በ2017 ያወጧቸው ሕጎች ደግሞ ኩባንያ ከዚያ ቆፍሮ ያወጣውን ማዕድን ባለቤት እንዲሆን ይፈቅዳሉ። መሬቱ የማንም አይደለም፤ ምርቱ ግን የቆፋሪው ነው። በ2020 የስታርሊንክ ኢንተርኔት ተጠቃሚዎች የሚስማሙበት ውል ውስጥ ደግሞ ማርስ ነፃ ፕላኔት እንደሆነችና ምድር ላይ ያለ መንግሥት በዚያ ለሚሠራው ሥልጣን እንደሌለው የሚገልጽ አንቀጽ ተገኘ። የኢንተርኔት ውል ማን ያነባል? ሁላችንም «እስማማለሁ» ብለን እናልፋለን።

ሰማይ ላይ የተሠራ ነገር ግን አንድ ጊዜ አስጠይቋል። በጥር 1978 የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የተሸከመችው የሶቭየት ሳተላይት ኮስሞስ 954 ከምሕዋሯ ወጥታ በሰሜን ካናዳ በረዶ ላይ ተበታተነች። ካናዳ ወራት የፈጀ ለቀማ አካሄደች። ከዚያ ሂሳቡን ይዛ፣ ስለ ጠፈር ጉዳት ኃላፊነት የሚደነግገውን የ1972 ውል ጠቅሳ፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ የካናዳ ዶላር ጠየቀች። ፍርድ ቤት አልተደረሰም፤ ተደራደሩ። ሞስኮ በ1981 ግማሹን፣ 3 ሚሊዮኑን ከፈለች። በስምምነቱ ውስጥ ጥፋተኛ ነኝ የሚል ቃል የለም።